ወደ ኋላ የሚሄደው ሙሽራ

ኬንያ በኩል ባለችው ሞያሌ፣ በእንስሳት ጤና ቢሮው በረንዳ ላይ የነበርነውን አስቀድሜ ልቁጠር፤ ይህን ታሪክ ሲያወሩ የሰማኋቸው ሰዎች ሁሉ ቁጥሩን ያበዙታልና። ስድስት ነበርን። አንደኛው የእንስሳት ጤና ረዳቱ ነው፤ የሞያሌ ተወላጅ፣ ናይሮቢ አጠገብ ተምሮ የተመለሰ፣ ከተማው በስዋሂሊ «ዳክታሪ»፣ ሐኪም፣ የሚለው ረጋ ያለ ሰው። ሁለተኛው ፍየሎቻቸውን ወደ ናይሮቢ ሊጭኑ የመጡት ነጋዴ ናቸው፤ ማንያታ ሰፈር ግቢያቸው ውስጥ አንዲት ክፍል ተከራይቼ የምኖርባቸው፣ ሀጂ የምንላቸው። ሦስተኛው ሽማግሌው የከብት ደላላ፤ ጃርሳ እንላቸዋለን፤ ሁለቱንም ዓይናቸውን ሞራ ጋርዶታል። አራተኛው የጭነት መኪናው ሾፌር፣ የዲላ ሰው፣ ዝም ማለት የማይሆንለት። አምስተኛዋ በረንዳው ጥግ ሻይና ሳምቡሳ የምትሸጠው ማማ። ስድስተኛው እኔ፣ ሰዓትና ሬዲዮ ጠጋኙ። ከእኛ ሌላ አርባ ሁለት ፍየሎች ነበሩ። ከእነሱ አንዷ፣ ግራ ጆሮዋ የተሰነጠቀው ቡራቡሬ፣ ለተፈጠረው ነገር ከማናችንም በላይ ተጠያቂ ስለሆነች ለብቻዋ እጠቅሳታለሁ።

ዘመኑ በፈረንጆቹ አቆጣጠር የሰማንያዎቹ መጀመሪያ ነው፤ እኔ ሃያ ሦስት ዓመቴ ነበር። ነገሩ የጀመረው በመጠቅለያ ወረቀት ነው። የሬዲዮ ዕቃ ከናይሮቢ ሲላክልኝ በአሮጌ መጽሔት ገጽ ተጠቅልሎ ይመጣል፤ እኔም ገጹን በልብስ መተኮሻ አቃንቼ አነበዋለሁ። እንግሊዝኛ የተማርኩት እንዲሁ ነው፤ መጀመሪያና መጨረሻ ከሌላቸው ጽሑፎች። በዚያ ዓመት የደረሱኝ አራት ገጾች ስለ አንድ ድቡልቡል ትል የሚያወሩ ነበሩ። ርዝመቱ አንድ ሚሊ ሜትር ያህል ነው፤ ሰውነቱ እንደ ብርጭቆ ብርሃን ያሳልፋል፤ የሚኖረውም ሆድ ውስጥ ሳይሆን አፈርና የበሰበሰ ፍሬ ውስጥ ነው። አብዛኞቹ ሴትም ወንድም ናቸው፤ ያለ ባል ይወልዳሉ። ወንድ ብቻ የሆነ ከሺህ አንድ ቢገኝ ነው። ይህን ሳነብ ክፍሌ ውስጥ ብቻዬን ከወንበሬ ተነሥቼ ቆምኩ።

የባሰው ገና ነበር። ወንዱ ዓይን የለውም። ሴቷን የሚፈልጋት በጅራቱ ነው። ጅራቱ እንደ ማራገቢያ የተዘረጋ ሆኖ በግራና በቀኝ ዘጠኝ ዘጠኝ ጣት የሚመስሉ ነገሮች አሉት፤ ከሴቷ በላይ ያሉት ትርፍ የነርቭ ሕዋሳትም አብዛኞቹ እዚያው ወደ ጅራቱ ናቸው። ጅራቱ ሲነካት ወደ ፊት መሄዱን ይተውና ሰውነቷን እየዳሰሰ ወደ ኋላ መሄድ ይጀምራል። ጫፏ ላይ ሲደርስ ጥምዝዝ ብሎ ወደ ሌላው ጎኗ ይዞራል። በሯን እስኪያገኝ እንዲሁ ነው፤ ሲያገኝ ቆም ይላል። ይህን ሁሉ ማንም አላስተማረውም፤ ከወላጅ በሚወረሰው ትእዛዝ፣ ዛሬ ዘረመል በምንለው ውስጥ ተጽፎለታል። ተመራማሪዎች ከዚያ ትእዛዝ አንዷን ነገር ሲያበላሹበት መዞር የማይሆንለት ወንድ ይወለዳል፤ ሌላ ሲያበላሹ ደግሞ በሯን ዳስሶ የሚያልፍ። አራተኛው ገጽ እዚህ ላይ፣ ዓረፍተ ነገር ሳይጨርስ ያልቃል።

የዳክታሪ ማይክሮስኮፕ ማስተካከያው እየተንሸራተተ አስቸግሮት ነበር። በብስክሌት ካላማዳሪ ቁራጭ አጠበቅሁለት፤ እሱም ቅዳሜ ቅዳሜ እንድጠቀምበት ፈቀደልኝ። ከማማ ጓሮ የበሰበሰ ፓፓያ አምጥቼ ጠብታውን ሳይ ትሎቹ እንደ ጅረት ይፈሱ ነበር። ሃያ ቆጥሬ ዘጠኙ ወንድ ሆነው ስላገኘኋቸው የመጽሔቱ ትሎች እንዳልሆኑ፣ ምናልባት የአክስት ልጆቻቸው እንደሆኑ ገባኝ። ጅራታቸው ግን ያው ማራገቢያ ነው። ሦስት ቅዳሜ ሙሉ አንድ ዓይኔን ጨፍኜ ሙሽራው ወደ ኋላ ሲሄድ ለማየት ጠበቅሁ። አንድም ቀን አላየሁም። ይህን ምኞቴን ለማንም አልነገርኩም፤ እንዴት ተብሎ ይነገራል?

አሁን ወደ ጥፋቴ ልምጣ። ትሎቼን የማስቀምጠው ዳክታሪ በሚጥላቸው ባዶ የመድኃኒት ብልቃጦች ነው። እሱም ለጉዞ ከሚመረመሩ መንጋዎች የሚወስደውን በጠጥ በውኃ በጥብጦ በእነዚያው ብልቃጦች ያኖራል። ሁለቱ እንዳይምታቱ ብዬ፣ ማንም ሳይጠይቀኝ፣ ለእሱም ለእኔም ምልክት አዘጋጀሁ፤ በጥሩ እጅ ጽሕፈት፣ በቀይ ቀለም፣ በመቀስ እኩል የተቆረጠ ወረቀት። የለጠፍኩት በበቆሎ ዱቄት ሙጫ ነው። ብልቃጦቹን የደረደርኩትም ሙቀት እንዲያገኙ ብዬ በበረንዳው በኩል ባለው መስኮት ደፍ ላይ ነው። ደፉ የፍየል አገጭ በሚደርስበት ከፍታ ላይ መሆኑን አልለካሁም።

በዚያን ዕለት ጧት ዳክታሪ ደፉ ላይ ከነበሩት ሁለት ብልቃጦች፣ ከእሱና ከእኔ፣ አንዱን አንሥቶ ጠብታውን በመስታወት ላይ አደረገና ለረጅም ጊዜ አየ። ከዚያ ቀና ብሎ፣

«ሀጂ፣ ፍየሎችዎ አይሄዱም» አለ።

«ምን አገኘህባቸው?»

«ትል። እንደዚህ የሚጨፍር ትል ደግሞ አይቼ አላውቅም። መድኃኒት ጠጥተው ሳምንት ይቆያሉ።»

«እንግዲያው መድኃኒቱን ስጣቸዋ።»

«መድኃኒቱ ያለው ማርሳቢት ነው።»

ሀጂ ፍየሎቹን ዞር ብለው አዩ። ከጎዶማ አካባቢ በእግር የመጡ ናቸው፤ ዝናቡ ከቀረ ሁለት ወቅት ሆኖት ከተማው ዙሪያ የሚግጡት አልነበረም። መኪኖች በፖሊስ ታጅበው በኮንቮይ የሚሄዱት በሳምንት አንድ ቀን ነው፤ የዚያን ዕለቱ አምስት ሰዓት ላይ ይነሣል። ያ ካመለጠ በቀጣዩ ሳምንት ከአርባ ሁለቱ ስንቱ በእግሩ እንደሚቆም እንጃ። ሀጂ ደግሞ ከእነዚያ ፍየሎች ሌላ የቀራቸው ነገር አልነበረም፤ ግቢያቸው ውስጥ ስለምኖር አውቃለሁ።

ወደ መስኮቱ ሄድኩ። የቀረው ብልቃጥ ራቁቱን ነው። ዳክታሪ እጅ ላይ ያለውም ራቁቱን ነው። ሁለቱም በሙጫው ቦታ እንደተላሰ ሳህን ያበራሉ። ቡራቡሬዋ ከደፉ ሥር ቆማ በእርጋታ ታመነዥካለች፤ ጢሟ ላይ በቀይ ቀለም ከጻፍኩት «ፓፓያ» የመጨረሻዋ ፊደል ተጣብቃ ቀርታለች።

«ዳክታሪ» አልኩ፤ «ያ ብልቃጥ የእኔ ነው። ትሎቹ የፓፓያ ናቸው።»

ሾፌሩ ከበረንዳው ደረጃ ላይ ተነሣ። «ይሄ ልጅ ይናገራል እንዴ? ሁለት ዓመት ስመላለስ ዲዳ ነው ብዬ በእጄ ነበር ሰላም የምለው።»

ዳክታሪ አልሳቀም። «የምትኖረው የት ነው?» አለኝ።

«ታውቃለህ።»

«ሰው እንዲሰማ ተናገር።»

«ሀጂ ግቢ።»

«እህ» አለ።

ፍትሐዊ ሰው ነበርና ከአምስት ፍየሎች አዲስ በጠጥ ወስዶ አየ። ንጹሕ ነው። ሁለተኛውን ብልቃጥ አየ። እሱም ንጹሕ ነው። ግን ራሱን ነቀነቀ። «ትል አንድ ቀን ይታያል፣ አንድ ቀን ይደበቃል። ይሄ ብልቃጥ የፍየሎቹ ከሆነ ያየሁትን አላየሁም ልል አልችልም። የማን እንደሆነ ደግሞ ብልቃጡ አይናገር።»

«ምስክሯማ በልታዋለች» አለ ሾፌሩ ቡራቡሬዋን እያየ። «እሷን ጠይቃት።»

በዚህ ጊዜ ነው በሕይወቴ ረጅሙን ንግግር ያደረግሁት። ዓይኔን መሬት ላይ ተክዬ፣ «የፍየል ሆድ ትል የሚጋባው ሆድ ውስጥ ነው» አልኩ። «በበጠጥ የሚወጣው ዕንቁላሉ ነው። ቢፈለፈል እንኳ ልጁ ደጅ ላይ አይጋባም፤ ሌላ ፍየል እስኪበላው ይጠብቃል። እነዚህ ግን ጎልማሶች ናቸው። እዚህ መስታወት ላይ ከተጋቡ የፍየል አይደሉም።»

ሀጂ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «ልጄ፣ በጧቱ ስለ ምን መጋባት ነው የምታወራው?»

«ስለ ትል ነው ሀጂ።»

«እሱማ ገብቶኛል።»

ዳክታሪ ትንሽ አሰበ። «ይሄን እኛም ተምረነዋል» አለ። «እሺ። ሰርጉን አሳየኝና የጉዞ ፈቃዱን እፈርማለሁ። ኮንቮዩ ከመነሣቱ በፊት ግን።»

ሰዓቴን አየሁ፤ ራሴ ያስተካከልኩት ስለሆነ አምነዋለሁ። አራት ሰዓት ከአሥራ ሁለት ነበር።

መጀመሪያ የተሠራው ሁሉ ስሕተት ነው። በውኃው ጠብታ ውስጥ ትሎቹ ይወራጫሉ እንጂ አይነካኩም። ሾፌሩ እየገፋኝ አየና፣ «ይሄ ሰርግ አይደለም፣ የወንዝ ሙላት የወሰደው ሰው ነው» አለ። ለካ ሦስት ቅዳሜ የባከንኩት በዚህ ነው። የመጽሔቱ ትሎች ርጥብ ወለል ላይ ነበር የሚሄዱት፤ የእኔ ሙሽሮች የሚቆሙበት መሬት አልነበራቸውም። ወለል ያስፈልጋል፤ ርጥብ ሆኖ ብርሃን የሚያሳልፍ ወለል። በማማ ሳምቡሳ መሙያ ላይ ዓይኔ አረፈ።

«ማማ፣ ሽንኩርት።»

«አሁን ራበህ?»

ከሽንኩርቱ ቅርፊት መካከል ያለውን ስስ ገለፈት በጥፍሬ ላጥኩ፤ እንደ መስታወት ነው። አጥቤ ዘረጋሁት፤ ጥቂት ትሎችም በመርፌ ጫፍ አኖርኩበት፤ ትርፉን ውኃ በጨርቅ ጫፍ መጠጥኩ። መወራጨቱ ቆመ። ትሎቹ በሆዳቸው እንደ እባብ መሄድ ጀመሩ። አራት ሰዓት ከሃያ ስድስት።

ማይክሮስኮፑ ቀዳዳው አንድ ነው፤ አንድ ሰው ሲያይ ሌሎቹ የሚያየውን ሰው ፊት ነው የሚያዩት። የመጀመሪያውን ሙሽራ ያገኘሁት እኔ ነኝ፤ ቀጭን፣ ማራገቢያ ጅራት። ሴቷ አጠገብ ሲደርስ ግን ሾፌሩ ትከሻዬን ይዞ ሰቅስቆ አነሣኝ። ዓይኑን ሲያስጠጋ አፉ ተከፈተ።

«የኋላ ማርሽ አስገባ» አለ። «ወላሂ፣ የኋላ ማርሽ ነው ያስገባው። ያለ መስታወት። ያለ ረዳት።» ከዚያም ረዳቶች መኪና ወደ ኋላ ሲያስገቡ እንደሚጮኹት መጮኽ ጀመረ፤ «ኩጃ፣ ኩጃ፣ ኩጃ! ና፣ ና፣ በግራህ ና፣ አሁን መሪ ቁረጥ፣ ቁረጥ እንጂ፣ ቁ...»

«ምን ሆነ?» አለች ማማ።

«ገደል ገባ።»

ሙሽራው የሴቷ ጫፍ ላይ ሲደርስ መዞሩን ረስቶ ወደ ባዶው ወለል ሄዷል። እንደገና ነካት፤ እንደገና ወደ ኋላ ሄደ፤ እንደገና ገደል ገባ። እኔ በደስታ ልሞት ነው፤ መጽሔቱ የሚለው፣ መዞር የማይሆንለት ወንድ፣ በሽንኩርት ገለፈት ላይ። «ትእዛዙ ጎድሎት ይሆናል» አልኩ፤ «ሲወለድ ጀምሮ።»

«ይሄን ሰው አውቀዋለሁ» አለ ሾፌሩ። «ያቤሎ መታጠፊያ ላይ የቆመውን መኪና የገለበጠው እሱ ነው።»

ሀጂ ጀርባቸውን ሰጥተው ወደ ፍየሎቹ ዞረው ነበር፤ እንዲህ ያለ ነገር አላይም ብለው። በየደቂቃው ግን ሳይዞሩ፣ «አሁንስ?» ይላሉ። «አሁንም አልዞረ፣ ሀጂ።» «ላ ሐውለ...» ይላሉ ለራሳቸው። ማማ ከግቢው በር ላይ ሆነው ሻይ ለሚጠይቋት ሰዎች «ዛሬ ሰርግ ላይ ነኝ» ብላ መለሰች።

አራት ሰዓት ከአርባ አምስት ላይ የኮንቮዩ መኪኖች ሞተር ሲነሣ ተሰማ። ሾፌሩ ፊቱ ተቀየረ። ዳክታሪ እስክሪብቶውን ኪሱ ውስጥ መለሰ። እኔ ያንን ገደል የሚገባውን ሙሽራ በመርፌ ጫፍ አውጥቼ ሌላ አስገባሁ። አዲሱ ቀጥ ብሎ ሄዶ ጅራቱ ነካት። ቆመ። ወደ ኋላ ጀመረ።

ሦስት ቅዳሜ የጠበቅሁት ይህን ነበር። አሁን ዓይኔ ሥር ነው፤ የሚፈርመው ግን እኔ አይደለሁም። ቀና አልኩና፣ «ዳክታሪ፣ ቶሎ» አልኩ።

ሾፌሩ፣ «እኔ አይቼ ልንገርህ» ሲል ዳክታሪ፣ «አንተ መኪናህ እንዲሄድ ነው የምትፈልገው፤ ሽንኩርቱንም ሙሽራ ነው ትላለህ» አለውና ዓይኑን አስጠጋ። እኛ ፊቱን እናያለን፤ ፊቱ ደግሞ እንደ ግድግዳ ነው።

ይህን ጊዜ ዓይነ ስውሩ ደላላ ጃርሳ በትራቸውን እየመቱ መጥተው አጠገቡ ተቀመጡና ሽርጣቸውን በጉልበታቸው ላይ ዘረጉ። በእኛ የከብት ገበያ ዋጋ በአፍ አይጠራም፤ ገዢና ሻጭ በጨርቅ ሥር እጅ ለእጅ ተያይዘው በጣት ነው የሚነጋገሩት፤ ደላላው መካከል ሆኖ የሁለቱንም እጅ ያነባል። ጃርሳ የኖሩት ከዓይናቸው ይልቅ በጣታቸው ነው።

«ዓይንህን እዚያ» አሉ ለዳክታሪ፤ «እጅህን እዚህ።»

ዳክታሪም የከብት ነጋዴ ልጅ ነው። ሳያስብ እጁን በሽርጡ ሥር ሰጣቸው። ጃርሳ እነዚያን ነጭ ዓይኖቻቸውን ወደ ጣሪያው አቅንተው ማንበብ ጀመሩ።

«እየሄደ ነው» አሉ። «ወደ ኋላ። ቀስ ብሎ። ይዳስሳል፤ ገዢ የሰንጋ ጀርባ እንደሚዳስስ። ... ጫፍ ደረሰ።»

ሀጂ ዞሩ። ሾፌሩ አፉን በእጁ ያዘ።

«ቆመ» አሉ ጃርሳ። «ያመነታል። ... ዞረ።»

ማማ እጄን ጨበጠችው፤ ሳምቡሳ የያዘው እጇ ነበር፤ ዘይቱ እስከ ክርኔ ፈሰሰ።

«በሌላው ጎን ነው። ይመጣል። ይመጣል። ... አለፈ። አይ፣ ተመለሰ። እዚያው ላይ ይመላለሳል። ...» የጃርሳ ቅንድብ ወደ ላይ ተነሣ። «ቆመ።»

ከዚያ በሽርጡ ሥር የዳክታሪ እጅ ሲጨበጥ ሁላችንም አየን። ጨርቁ ዘለለ። በገበያችን ያ ጭብጥ አንድ ትርጉም ብቻ ነው ያለው፤ ከእሱ በኋላ ማንም ቃሉን አያጥፍም።

«ተሽጧል» አሉ ጃርሳ።

ዳክታሪ ቀና አለ። ዓይኑ ዙሪያ የማይክሮስኮፑ ክብ ታትሟል። የተያዘ እጁን አየ፣ ሽማግሌውን አየ፣ ከዚያ መሣቅ ጀመረ፤ ከዚያ በፊት ሲሥቅ አይቼው አላውቅም፤ ትከሻው ብቻ ነው የሚነቃነቀው። ሾፌሩ ከደረጃው ዘሎ ወርዶ ፍየሎቹን «ኩጃ፣ ኩጃ» እያለ ወደ መኪናው ነዳ። የፈቃዱ ወረቀት ግድግዳው ላይ ተደግፎ ተፈረመ። ሀጂ አንድ እጃቸው በወረቀቱ፣ አንድ እጃቸው በእኔ ጭንቅላት ላይ፣ «አላህ አንተንም ባለ ልጅ ያድርግህ፣ ወደ ፊትም ሆነ ወደ ኋላ ሄደህ ሙሽሪትህን አግኝ» ብለው መረቁኝ። ሾፌሩ ይህን ሰምቶ ከጋቢናው ውስጥ የሣቀው ሣቅ የኮንቮዩ ጥሩምባ እስኪሸፍነው ድረስ ይሰማ ነበር። ቡራቡሬዋ በመጨረሻ ተጫነች፤ ጢሟ ላይ ያለችውን ፊደል ይዛ ወደ ናይሮቢ ሄደች።

እኔ ወደ ማይክሮስኮፑ ተመለስኩ። ሽንኩርቱ ደርቆ ነበር። ሙሽራውም ሙሽሪትም አይንቀሳቀሱም፤ ተለያይተው በየፊናቸው ክብ ሠርተዋል። ከመስኮቱ ደፍ ስር ቁጭ ብዬ እንባዬ እስኪመጣ ሣቅሁ። ሦስት ቅዳሜ የጠበቅሁትን ነገር ያየሁት በአንድ ዓይነ ስውር ሽማግሌ መዳፍ ነው።

ከብዙ ዓመታት በኋላ፣ መጀመሪያም መጨረሻም ባለው መጽሐፍ ውስጥ፣ ከፍየል ትሎች አንድ ዓይነት ደጅ ላይም የሚጋባ ትውልድ እንዳለው አነበብኩ። ያን ዕለት ይህን ባውቅ ኖሮ አፌን አልከፍትም ነበር። የፓፓያው ብልቃጥ የእኔ ስለመሆኑ ዛሬም አልጠራጠርም፤ ማስረጃዬ ግን ያሰብኩትን ያህል የጠበቀ አልነበረም። ዳክታሪ ይህን ካነበበ ይቅር ይበለኝ፤ የጨበጠውን ግን እንዳይለቅ።

ቀሪውን የምትሞሉልኝ እናንተ ናችሁ። በማስታወሻዬ የመጀመሪያው ሙሽራ ሦስት ጊዜ ገደል ገባ ብዬ ጽፌያለሁ፤ ሾፌሩ በየመንገዱ አምስት ጊዜ እያለ እንደሚያወራ ሰምቻለሁ። ከዚያ በረንዳ የነበራችሁ፣ ትክክሉ ስንት ነው? ማማ፣ ዳክታሪ ሊፈርም ሲነሣ ጎንበስ ብለሽ በማይክሮስኮፑ አይተሻል፤ ከዚያም ሻይሽን ልትቀጂ ዝም ብለሽ ሄድሽ። ያን ጊዜ አብረው ነበሩ ወይስ ተለያይተው? ዳክታሪ፣ አንተ ደግሞ ሁለተኛው ሙሽራ ጫፏ ላይ ሲደርስ የዞረው በግራ ነው በቀኝ? ጃርሳን ጠይቄያቸው ነበር። መዳፌን ወስደው በጣታቸው አሳዩኝ፤ እኔ ግን የገበያ እጅ ማንበብ አልችልም።